ማየት ብቻ የተፈቀደላት አዎር

ሮዛ አዎር ወንበር አይበረክትላትም። እዚህ ኪሱሙ፣ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አንድ ዴስክ ላይ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ አላየኋትም። እጇም እንደ እግሯ አያርፍም፤ መከራ ያመጣብንም እሱ ነው። መምህራን ለየትምህርቱ ለይተው የሚያስቀምጧቸው፣ እዚያው ብቻ የሚነበቡ መጻሕፍት አሉ። አምና ዝርዝራቸውን ኮምፒውተሩ ላይ «ላስተካክል» ብላ ገባችና የአንዱን መምህር መጻሕፍት «ድጋሚ ናቸው» ብላ ሰረዘቻቸው። ድጋሚ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ለዴስክ ሠራተኛ ሁሉ ተዘጋ፤ በእሷ ጦስ እኛም ታወርን። ተማሪ በጠየቀን ቁጥር ፎቅ ወጥተን ኃላፊውን ኦንግዌንን መጠየቅ ሆነ ሥራችን።

ዓመት ሙሉ ለመነችው። በመጨረሻ ተረታ።

«የአሌጎ ልጅ» አላት፣ በትውልድ መንደሯ እየጠራ፤ «ከፍቼላችኋለሁ። ማየት ብቻ! አንድ ፊደል ተነክቶ ባገኝ ግን ለሁላችሁም እዘጋዋለሁ።»

«እጄን ቆርጬ ልስጥዎት፣ ጃዱዎንግ?» አለችው። ሽማግሌ የምናከብረው በዚህ ስም ነው።

«ያንቺ እጅ ተቆርጦም ይነካካል።»

አርብ ኦንግዌን የአጎቱን አስከሬን አጅቦ ወደ ኡጌንያ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ አዎር ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።

«ኧረ ጉድ! የነርስ ተማሪዎቹ መጽሐፍ ቀኑ ዛሬ ያበቃል።»

ፈተናቸው ሰኞ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ አንድ። ተለይቶ የሚቀመጥበት ቀን ካለፈ ወደ ተራው መደርደሪያ ይመለሳል፤ የቀደመ ተውሶ ቤቱ ይወስደዋል፣ ክፍሉ በሙሉ ባዶ እጁን ይቀራል። ኦንግዌን ቀኑን ሲሞላ በአንድ ሳምንት ተሳስቷል።

ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ፎቅ ስትወጣ ተከተልኳት፤ ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ሰውዬው ለቀብሩ ሲጣደፍ ኮምፒውተሩን ሳይዘጋ ሄዷል።

«አንድ ቁጥር ብቻ እኮ ናት» አለችኝ። ጣቷን ወደ ቁልፎቹ ዘረጋች።

«አምናም ትንሽ ነገር ነበረች» አልኳት። እንደገና መታወር ፈርቼ ነበር።

ክፉኛ አየችኝና ወረደች። ማምሻውን መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው እስኪመለስ ስትንጎራደድ ቆየች። ልክ እንደተመለሰ አንስታ በራሷ ካርድ ተዋሰችው።

ቅዳሜ የዕረፍት ቀኗ ነበር። መጣችና ትልቁ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፉን ዘርግታ ተቀመጠች። ነርሶቹ ከበቧት።

«እማማ፣ ወደዚያኛው ጠረጴዛ ልውሰደው?» አለች አንዷ።

«ወዴት? በስሜ ነው ያለው! እዚሁ አንብቢ።»

እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል፤ እሷ ግን አልተነሳችም። እሁድም እንዲሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳዝናኝ አታውቅም።

ሰኞ ኦንግዌን ዝርዝሩን ከፍቶ የገዛ ስህተቱን አገኘ። ወረደ።

«ቀኑን አይተሽው ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ኮምፒውተሬም ክፍት ነበር።»

«እሱንም አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ የራሴን ወንበር ሳበላት።

«ቁጭ በይ፣ የአሌጎ ልጅ።»

«ኧረ በፈጠረዎት ጃዱዎንግ! መቀመጥ ይብቃኝ» አለችና መጽሐፉን ታቅፋ ወደ መደርደሪያዎቹ ሮጠች።