ከቤቱ ጌታ ጋር ነው የተጣላሁት

ቂም ለእኔ አይሆንም ነበር። ሰው ቢያስቀይመኝ የምናደደው እራት እስኪቀርብ ነው፤ ከዚያ እረሳዋለሁ። ከደብረ ብርሃን መጥቼ፣ መቐለ ሚስት አግብቼ የቀረሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ትግርኛዬ እስከ ዛሬ የሚስቴን ዘመዶች በሳቅ ይገድላቸዋል። ሓድነት፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር “መምህር፣ እስቲ አጫውተን” እባላለሁ። ይሄን ሰውዬ ግን አልረሳውም።

ከእኛ ጋር የምትኖረው የሚስቴ የሟች እህት ልጅ በአስራ ሰባት ዓመቷ አረገዘች። ያስረገዛት የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ እኩያዋ። አባትየው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ከእኔ ጋርም አንድ ማሕበር እንጠጣለን። ወሬው ሲደርሰው ልጁን ወደ አዲስ አበባ ሸኘና ሱቁ በር ላይ፣ ሲሚንቶ የሚጭኑት ሁሉ እየሰሙ፣ “ከማን እንዳመጣችው ማን ያውቃል?” አለ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጆሮዋ ሰማችው።

ከዚያ ትምህርት ቀረ፣ ምግብ ቀረ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። እኔ ሰርግ ላይ ያስጨበጨቡልኝን ቀልዶች ሁሉ አወጣሁ። ግድግዳው ሳይስቅ አይቀርም፣ እሷ ግን አልሳቀችም። አንድ ጠዋት ለሚስቴ “ባልነቃ ይሻለኝ ነበር” አለቻት። ያኔ ቀልድ አለቀብኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚያ ባሏን ይዛ የመጣች ነፍሰ ጡር ቀድማ ትገባለች፤ ወንዶቹን ለማበረታታት ነው አሉ። አግዳሚው ላይ አጠገቧ ቁጭ እንዳልኩ አዋላጇ መጣችና “ባለቤትሽ ናቸው? ግቡ!” አለች። ሴቶቹ የእኔን ራሰ በራና የልጅቷን ሆድ እያፈራረቁ አዩ። አንዷ “ኣይሓፍርን ድዩ!” አለች፤ አያፍርም እንዴ ማለቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ሙሽራ መባል እንደዚህ ያቃጥላል ብዬ አላሰብኩም። “አጎቷ ነኝ” ስል ተራ ጠብቁ ተባልን። ባለባሎቹ ሁሉ አለፉን።

ስንገባ ግን አዋላጇ ቀስ ብላ አነጋገረቻት። “ድብርት ነው። ሕመም ነው፣ ይታከማል” ብላ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ላከችን። ልጅቷ በር ላይ ቆመች።

“ሓወቦ” አለችኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ “ከእንግዲህ የትም ሄጄ አልቀመጥም። ሰው ሁሉ እሱ ያለውን ነው የሚያስበው።”

በወሩ የማሕበሩ ተራ ባለሱቁ ቤት ደረሰ። ቄሱ ጽዋውን ከማንሳታቸው በፊት፣ እንደ ወጉ፣ “የተቀያየመ አለ?” አሉ። የተጣላ ሳይታረቅ አይጠጣም። እጄን አወጣሁ።

“መምህር ጀመረ!” ብለው ሳቁ።

“ከቤቱ ጌታ ጋር ነው የተጣላሁት” አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት።

“ይሄ ማሕበር ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም!” አለ፣ ፊቱ ሲሚንቶ መስሎ።

“ለዚያ ነው እዚህ ያመጣሁት። ፍርድ ቤት ቢሆን ጠበቃ ትይዝ ነበር።”

የጠላው አረፋ ጠፋ፣ ወጡ ቀዘቀዘ። ወጥ ሲቀዘቅዝ እጄን አጣጥፌ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቄሱ ምን ካሳ እንደምፈልግ ጠየቁኝ።

“በየቀጠሮዋ አጠገቧ ይቀመጥ። ሴቶቹ እሱንም ይዩት።”

አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ።

ደረቴን ነፍቼ ቤት ገብቼ ነገርኳት። ከግድግዳው ዞረች።

“እኔን ጠይቀውኛል? አጠገቤ እንዲደርስ አልፈልግም። የተናገረበት ቦታ ይቁምና፣ የሰሙት ሰዎች ፊት ዋሽቻለሁ ይበል።”

እኔ በበቀል ጀማሪ ነኝ ለካ።

ቃሏን ለቄሱ ወሰድኩ። ቅዳሜ፣ ሱቁ በሰው በሚሞላበት ሰዓት፣ ቄሱ አጠገቡ ቆመው ሰውዬው ተናገረው። “ዋሽቻለሁ። የልጅ ልጄ ነው።” ድምፁ ቀጠነ።

“አልሰማንም!” አልኩ ከኋላ። ሰምቻለሁ። ደገመው።

እሷ ከመንገዱ ማዶ ሚስቴን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሰኞ ከሚስቴ ጋር ሆስፒታል ሄደች፤ በሚቀጥለውም ቀጠሮ ሄደች። እንቅልፍ ጀምራለች፣ ምግቡ ገና ነው።

ማሕበርተኞቹ “በቃ እንግዲህ፣ ታረቅ” ይሉኛል። መጀመሪያ እሷ ትዳን። ከዚያ አስብበታለሁ።