ከወንበሩ ጀርባ ያለው እጅ

ጉልቤው በየማለዳው እህቱን ከማንሳቱ በፊት ሁለት መዳፎቹን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ይቆም ነበር። ከአልጋዋ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ክርኖቹን እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ጎን አውጥቶ። መዳፎቹ የሞቁ ሲመስለው አንዱን ጉንጩ ላይ ለጠፍ አድርጎ ይሞክረዋል፤ ካልረካ ይመልሰዋል። ከዚያ «እቴ፣ ልምጣ?» ይላል። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ «ና እንግዲህ፣ አውራ ዶሮ» ትለዋለች። አንድ ክንዱን ከጉልበቷ ሥር፣ ሌላውን ከጀርባዋ አስገብቶ ብድግ ያደርጋታል። ዊልቸሯ ላይ ሲያስቀምጣት ኮሽታ እንኳን አይሰማም።

ልማዱ ከቄራ የመጣ ነው። በጎረምሳነቱ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ የታረደ በሬ በትከሻው እየተሸከመ ከመንጠቆ ወደ መኪና ሲያመላልስ ይውል ነበርና ቤት ሲገባ እጁ በረዶ ነው። እህቱ ግድግዳ ተደርምሶባት ከወገቧ በታች በድን ከሆነች በኋላ፣ ሊያነሳት ሲነካት ስሜት የቀረላት ግማሽ አካሏ ሽምቅቅ ይል ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና አልታረድኩም» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ያሞቃል። ቄራውን ትቶ ስንት ዓመት ካለፈም በኋላ፣ ፀሐይ በሚያቃጥልበት ወቅት እንኳን ያሞቅ ነበር።

ጉልቤ ብለው የሰየሙት የቄራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስሙ የጸናለት ግን ከቄራው ውጭ ነው። ግድግዳው የወደቀባት ቀን እሷን ወደ ሆስፒታል የወሰዷት ጎረቤቶች ናቸው። እሱ የሄደው ወደ ግድግዳው ባለቤት ነው። ሰውየውን ከምሳው ላይ በአንገቱ አንስቶ እዚያው ፍርስራሹ ላይ አነጠፈው፤ ጎድኑ ሲሰበር የሰሙ አሉ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ሰውየው በጡብ ነው የመታኝ ብሎ ማለ፤ ምስክሮቹ የለም፣ በባዶ እጁ ነው አሉ። ዳኛው የጉልቤውን እጅ አዩና ሁለቱንም አመኑ። እህቱ ሆስፒታል ስትተኛ እሱ እስር ቤት ተኛ። ከሕመሟ ሁሉ የከፋውን ጊዜ አጠገቧ ዘመድ ሳይኖር አሳለፈችው።

ተፈትቶ ወደ ቄራው ከተመለሰ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንግሥት አካል ጉዳተኛን ለሚያግዝ የቤተሰብ አባል ወር እየጠበቀ መክፈል ጀመረ። ጉልቤው ቢላዋውን ሰቀለ። እሷን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ፀጉሯን ማበጠር፣ ወንበሯን መግፋት ሥራው ሆነ። ለሥራው ደግሞ ማንም እንከን አያወጣለትም፤ እነዚያ ሰው የሚጥሉ እጆች ጠጉሯን ሲጎነጉኑ ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ይቀራል። ጀርባዋ አንድም ቀን ቆስሎ አያውቅም።

እሷ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ስልክ ትጠግናለች። አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ ሰክታ፣ ፀጉር በምታክል መፍቻ ስትቆፍር ትውላለች። ሁልጊዜም ጭኗ ላይ አንድ የሞተ ስልክ አይጠፋም። አንገቷ እንደ ልብ ስለማይዞር ከኋላዋ የሚሆነውን የምታየው በስልኩ ጥቁር መስታወት ነው። በመንገድ ላይ እሱ ሲገፋት እሷ በዚያ መስታወት የፊቱን አየር ታነባለች። ግንባሩ ሲቋጠር «ጋሼ፣ ተው፣ ሰውየው ምንም አላለም» ትላለች። አንዳንዴ ትደርሳለች፤ ብዙውን ጊዜ አትደርስም።

የአውቶቡስ ረዳት «ወንበር አልጭንም» ሲል የፊት ጥርሱን አረገፈለት። ከዚያ ወዲህ የዚያ መስመር አውቶቡሶች ገና ከሩቅ ዊልቸር ሲያዩ ሳይቆሙ ያልፋሉ። ሱቁ ውስጥ ሥራ ሰጥቷት የነበረው ስልክ ጠጋኝ ክፍያዋን ቢያዘገይባት፣ የሱቁን መስኮት በባለቤቱ ግንባር ሰበረው፤ ሥራዋም ከመስታወቱ ጋር ተሰበረ። ቀጥሎ የመለዋወጫ ነጋዴው መጣ። ዓይን አፋር ሰው ነበር። ባትሪና መስታወት ሊያደርስ እየመጣ፣ ዕቃውን ካስረከበ በኋላ የሚቀመጥበት ጊዜ እየረዘመ ሄደ። አንድ ከሰዓት ጉልቤው ከገበያ ሲመለስ የእህቱን ሳቅ ደረጃው ላይ ሰማ። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። ገብቶ ነጋዴውን በኮሌታው ይዞ ደረጃውን በጀርባው አስወረደው፤ ባትሪዎቹም አብረውት ተንከባለሉ። ሰውየው ክንዱን አሳሽቶ ከሰፈሩ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ማን ምታልኝ አለህ?» አለችው ያን ዕለት።

«ማንም አላለኝም። እጄ ነው።»

«እጅህ የማን ነው ታዲያ?»

እሱ ተነስቶ የራት ሳህን ማጠብ ጀመረ።

እንዲህ እንዲህ ሲል የድጋፉ ማሻሻያ ወሬ መጣ። ረቂቁ እንደሚለው ከእንግዲህ ክፍያው ለዘመድ አይሰጥም። አጋዡ የሠለጠነ ባዕድ ይሆናል፤ የሚመርጠውም የሚያሰናብተውም ራሱ አካል ጉዳተኛው ነው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ በድጎማው ስም ሰው ቤት ዘግተው የሚያስቀምጡ ዘመዶች ሞልተዋል፣ ጥሩ አደረጉ አለ። ገሚሱ ደግሞ ደመወዝ አንድ ቀን ቢዘገይ ባዕዱ በሽተኛውን ገንዳ ውስጥ ትቶ ይሄዳል ሲል ተከራከረ። አእምሮው ያልዳበረ ጎልማሳ ልጅ ያላት ዳቦ ጋጋሪዋ ልጄ የማያውቀው ሰው ሲነካው ይናከሳል፣ መንግሥት መጀመሪያ ለአጋዦቹ የብረት እጅጌ ያሰፋላቸው እያለች ሰውን ታስቅ ነበር። ስቃ ስትጨርስ ግን ዓይኗን ትጠርጋለች።

ጉልቤው ዜናውን የነገረውን ሬዲዮ ከግድግዳ ጋር አላተመው። እህቱ ስብርባሪውን አስለቅማ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ስትገጣጥመው አመሸች። ሬዲዮው ምን አጠፋ፣ የነገሩትን ነው የተናገረው ከማለት በቀር ስለ ማሻሻያው ትንፍሽ አላለችም። እሱ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው። ያለ እሱ ማን ያነሳታል? ያለ እሷስ እሱ ምን ሊሆን ነው? እነዚያን እጆች የት ሊያስቀምጣቸው ነው? ሌላ ማሰብ አልቻለም።

የሕዝብ ውይይቱ የተጠራው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጉልቤው እህቱን ንጹሕ ልብስ አልብሶ፣ ወንበሯን ከፊት ረድፍ ጫፍ ላይ አቆመና እንደ ወትሮው ሁለት እጁን የወንበሩ እጀታዎች ላይ አድርጎ ከኋላዋ ቆመ። ድጎማውን ከሚከፍለው ቢሮ የመጣው ኃላፊ ረቂቁን አነበበ። ጩኸት ተነሳ፣ ጋብ አለ፣ እንደገና ተነሳ። ዳቦ ጋጋሪዋ ተናገረች፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማት። የሟች ወንድሙን ሽባ ልጅ ይዞ በስሙ ድጎማ የሚቀበለው የጣውላ ነጋዴም ሁለት ጎረምሳ ልጆቹን ግራና ቀኝ አስቀምጦ ብዙ ፎከረ። ከዚያ የጉልቤው እህት እጇን አወጣች።

ማይኩን የሚያዞረው ሠራተኛ መጣና እንደ ልማዱ በአናቷ ላይ አሳልፎ ለሚገፋት ሰው ሰጠው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ባለ ሱቁ መልሱን፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚሰጠው ከኋላ ለቆመው ነው። ጉልቤውም ሳያስብበት ተቀበለና «እኔና እህቴ ተቃውመናል። ባዕድ ሰው እህቴን አይነካትም። የሚነካት ካለ ይሞክረኝ» አለ። ጭብጨባ ሆነ።

እሷ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የማይኩን ገመድ ያዘች። ሳበችው። እሱ ደንግጦ ለቀቀላት።

«እኔ ማሻሻያውን እደግፋለሁ» አለች። «ወንድሜ ክፉ ሆኖ አይደለም። ለኔ ሲል ግን ሰው ሁሉ ሸሸኝ። የሚያነሳኝን ሰው ዛሬ ይቅር፣ ሂድልኝ ማለት እፈልጋለሁ። ሠራተኛ ይሰናበታል። ወንድምን ግን እንዴት ላሰናብተው?»

ወደ ጭኗ አቀረቀረች። ከዚያ የጣውላ ነጋዴው ብድግ ብሎ ወደ እነሱ እየቀረበ «እግሯ ሲሞት ምላሷ ተረፈ!» አለ።

ጉልቤው ደረሰበት። የመጀመሪያው ቡጢ አገጩ ላይ ነው ያረፈው፤ ነጋዴው ሊናገር የጀመረውን ቃል ከሁለት ጥርስ ጋር ወለሉ ላይ ተፋው። ሁለተኛው ሳያርፍ ልጆቹ ዘለው ጉልቤው ላይ ተንጠለጠሉ። አንዱን ፀጉሩን ይዞ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አጋጨው። ሌላው የወንበር እግር ነቅሎ ትከሻው ላይ ሰበረበት። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም፤ ከዓመታት ጀምሮ ታምቆ የቆየ ቂም ሁሉ ያን ቀን ፈነዳ። ደጋፊ ተቃዋሚን፣ ተቃዋሚ ኃላፊውን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያዘ። ወንበር በአየር ላይ ይበር ጀመር። የኃላፊው መነጽር ከነአፍንጫው ተሰበረ። ጥበቃዎቹ ዱላቸውን እየወዘወዙ ገቡና ያገኙትን ሁሉ ያወራርዱ ጀመር።

ጉልቤው ሁለት ሰው አዝሎ ወደ ኋላ ሲንገዳገድ ጀርባው ከአንድ ነገር ጋር ተላተመ። ዞር ብሎ አላየም። የተላተመው ከእህቱ ወንበር ጋር ነበር። ወንበሩ ተገለበጠ፤ እሷ በሚራኮቱ እግሮች መሐል ወለሉ ላይ ወደቀች። አንድ ከባድ ጫማ ቀኝ እጇን ረገጠው፤ መፍቻ የምትይዝበት ጣቷ ቀጭ አለ። «ጋሼ!» ብላ ጮኸች። እሱ በዚያች ቅጽበት ስለ እሷ ክብር የአንድ ሰው ጉሮሮ አንቆ ነበርና አልሰማትም።

የሰማቻት የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ነች። መወልወያዋን ጥላ፣ በሰዎቹ እግር ሥር ተሹለክልካ፣ በብብቷ ሥር ገብታ ያዘቻትና እንደ ከረጢት ወደ ኋላ እየጎተተች በጎን በር አወጣቻት። ጉልቤው በዱላ ቅንድቡ ተተርትሮ፣ ደም ዓይኑን ሞልቶት ወደ ወንበሩ ሲዞር ወንበሩ ተገልብጧል፤ እህቱ የለችም። በአራት እግሩ ዳክሮ ደጅ ወጣ። እህቱ ደረጃው ላይ የማታውቃት ሴት ጭን ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የተሰበረ ጣቷን የመወልወያው ባልዲ ውስጥ ነክራለች። አየችው። ጥበቃዎቹ ደርሰው እጁን የፊጥኝ ሲያስሩት አልተወራጨም።

በታሰረበት ጊዜ እህቱን እየመጣች ታነሳት የነበረችው ያቺው ጽዳት ሠራተኛ ነች። ተፈትቶ ቤት ሲገባ እህቱን ታጥባና ተበጥራ፣ ጣቷ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መስኮቱ ሥር አገኛት። ሴትዮዋ ድንግጥ ብላ ወደ በሩ አፈገፈገች። ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ጩኸት ይጠብቅ ነበር። ጉልቤው «እግዜር ይስጥሽ» አለና ተቀመጠ።

ረቂቁ በመጨረሻ ተለሳልሶ ጸደቀ፤ ዘመድም ይሁን ባዕድ፣ ምርጫው የአካል ጉዳተኛው ሆነ። መናገር ለማይችሉት ገምጋሚ ተላከ። ዳቦ ጋጋሪዋ ቤት የሄደው የእጁ አንጓ ላይ ተነክሶ ተመለሰ፤ ልጁም ከእናቱ ጋር ቀረ። የጉልቤው እህት ጽዳት ሠራተኛዋን መረጠች። እሱ አልተከራከረም፤ ቢላዋውን ከተሰቀለበት አውርዶ፣ በሞረድ ስሎ ወደ ቄራ ተመለሰ። ሰዎች የጥበቃ ዱላ ነው ልብ የሰጠው ይላሉ። የእረፍት ቀኑ ሲሆን እህቱ «ጋሼ፣ ዛሬ አንተ ና» ካለች ብቻ ክርኖቹን አውጥቶ መስኮቱ ጋ ይቆማል። ጣቷ ጠማማ ሆኖ ስለዳነ መፍቻውን በግራ እጇ ለምዳለች፤ ሥራዋ ዘገምተኛ ሆኗል።

ሰፈሩ የአዳራሹን ቀን እስካሁን ያወራዋል። ስትከራከረው ቆይታ እንኳን ሰው ሲሰድባት አልቻለም፣ ወንድም ማለት እሱ ነው ይባባላሉ። ጉልቤው ይህ ሲወራ ካለ ኮፍያውን አንስቶ ይወጣል።

ታሪኩ ይጻፍ ሲባል እሺ ብሏል። እስሩም ይግባ፣ የረዳቱም ጥርስ፣ የመለዋወጫ ነጋዴውም ደረጃ። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለመነ፤ ሲለምንም መሬት መሬት ያይ ነበር። እህቱ ግን ሰምታ «አይቀርም» አለች። «እጁ የሱ ነው፤ አናቱ የኔ ነበር። ይግባ።»

የሆነው እንዲህ ነው። «ወንድምን ግን እንዴት ላሰናብተው?» ብላ ስታቀረቅር፣ የጣውላ ነጋዴው ገና ከወንበሩ አልተነሳም ነበር። ጭኗ ላይ ባለው ስልክ ጥቁር መስታወት ውስጥ ወንድሟን አየችው። ቀኝ እጁ የዊልቸሩን እጀታ ለቅቋል። ከአናቷ በላይ ተነስቷል፤ ተጨብጧል። እሱም ቁልቁል ሲያይ በዚያው መስታወት ውስጥ ዓይኗን አገኘው። አልጮኸችም። ቀዝቃዛ እጅ ሊነካት እንደሆነ ሁሉ ሽምቅቅ አለች እንጂ። ነጋዴው አፉን የከፈተው ያኔ ነው፤ እጁም የሚያርፍበት ሌላ ቦታ አገኘ።