ለተቃወሙን ሴትዮ ብድግ ያልን ዕለት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፣ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከሥራ በቀጥታ ሲቲ ሆል፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ስደርስ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው የክት ልብሱን ለብሶ አዳራሹን ሞልቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንከራየው አዳራሽ ባለቤት ልቀቁልኝ ብሎናል። ባዶ መጋዘን አግኝተናል፤ ግን ቦታው በከተማው የቦታ ምደባ ደንብ፣ በዞኒንግ፣ ለዕቃ ማከማቻ እንጂ ለአምልኮ አልተመደበም። የውሃና የፍሳሹን ጣጣ ጨርሰናል። የቀረው ይህን የሚወስነው የከተማው ኮሚሽን ፐርሚት፣ ማለት ፈቃድ፣ እንዲሰጠን ነው። ካልሰጠን እሁድ የምንሰበሰብበት የለንም።

የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ገና ሲጀመር «ማጨብጨብ ክልክል ነው። ተናጋሪውን የምትደግፉ ዝም ብላችሁ ተነሡ» አለች። ነገሩ ገባን። ፓስተራችን ሲናገሩ ሁላችንም ቆምን። ጥሩ!

ከዚያ ተቃዋሚ ተጠራ። ከመጋዘኑ አጥር ጀርባ የሚኖሩ አሮጊት ፈረንጅ በምርኩዝ ቀስ እያሉ መጡ። በአጠገባችን ሲያልፉ ከእኛ ሽማግሌዎች አንዱ ጋሽ በቀለ «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ። እኛም ተከትለን ተነሣን... እግራችን ማንንም አላማከረም።

ሴትዮዋ ማይኩን ይዘው «ከበሮ አልፈልግም! በሬ ላይ መኪና እንዲቆምም አልፈልግም!» ይላሉ። እኛ ቆመናል። ትልቅ ሰው ቆሞ እየተናገረ ማን ይቀመጣል?

ሰብሳቢዋ መነፅሯን አወለቀች። «ይቅርታ... የራሳችሁን ማመልከቻ ነው የምትቃወሙት?»

ሴትዮዋ ዞር ብለው አዩን። ፊታቸው ቀላ። «እያሾፉብኝ ነው?»

በቃ፣ አለቀልን አልኩ። ፓስተሩ ወደ እኔ ዞረው «እህት ጽጌ፣ አንቺ አረጋውያን ስትጦሪ ነው የምትውይው፤ እባክሽ አስረጂልን» አሉኝ።

ወደ ማይኩ ሄድኩ። በዚያች እንግሊዝኛዬ «ማዳም፣ በእኛ አገር ትልቅ ሰው ቆሞ እኛ ብንቀመጥ ነውር ነው። እርስዎ ሲቀመጡ እንቀመጣለን። የሚሉትን ግን አንደግፍም» አልኳቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወንበር መጣላቸው። እሳቸው ቁጭ ሲሉ እኛም አንድ ላይ ዘጭ! ትክ ብለው አዩን... ከዚያ ፈገግ አሉ። «ከበሮውን ግን አሁንም አልፈልግም» አሉ።

ሰብሳቢዋ «ከበሮው ከምሳ በፊት ቢያበቃ፣ መኪናም በዋናው መንገድ በኩል ብቻ ቢቆምስ?» አለቻቸው።

አሮጊቷ ማሰብ ጀመሩ። እናንተዬ... ያን ዝምታ እንዴት ልንገራችሁ! ያ ሁሉ ሹም፣ ጠበቃ፣ ኢንጂነር እስክሪብቶውን አስቀምጦ የአንዲት አሮጊት አፍ ይጠብቃል። እኔ የማውቀው አገር ቤት የቀበሌው ሹም ሲያስብ እኛ ደጅ ስንጠብቅ ነው። ለጊዜው ፐርሚቱንም ረሳሁት።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ግን መጥቼ አያለሁ።»

ኮሚሽነሮቹ በሙሉ ድምፅ ፈቀዱልን። አንዷ እህታችን እልል ልትል አፏን ስትከፍት ጎረቤቷ በመዳፏ ከደነችባት። «ዝም በይ፣ ፈቃዱን እንዳይነጥቁን!»

ከዚያ ወዲህ ከበሮው በሰዓቱ ያበቃል። የፓስተራችንን ስብከት በሰዓቱ የሚያስጨርስ ኮሚሽን ግን እስከ ዛሬ አላገኘንም።