ሐያትን ይዤ ወደ መንጌ

ንጋት፣ አሶሳ መናኸሪያ

ሹፌሩ የሚኒባሱን ሞተር ከፍቶ አንገቱን አስገብቶ ቆሟል። ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ሸራ ይጎትታል። ሁለት የመንጌ ሴቶች ከነዶሮዎቻቸው በሩ አጠገብ ቆመዋል። የልጄ ልጅ ሐያት ከመኪናው ኋላ ቆማ ለረዳቱ ዕቃ ታቀብላለች። እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ከቆርቆሮው ሥር ቆሜአለሁ። የነበርነው እነዚሁ ነን።

የነሐሴ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ አሁን ያካፋል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ፤ ተነሣሁ፤ ሰዓት ጠየቅሁ፤ መልሼ ተቀመጥሁ።

«እማማ፣ መኪናው የሚሄደው በሞተር ነው፤ ባንቺ መነሣትና መቀመጥ አይደለም» አለች ሐያት።

ጉዳያችን ይህ ነው። ሐያት ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ጨርሳ ለክረምቱ እኔ ዘንድ መጥታለች። እናቷ ልጄ ናት፤ አባቷ የመንጌ ሰው፣ የበርታ ተወላጅ ነው። ሁለቱም ሥራቸው አዲስ አበባ ስለሆነ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ዘንድሮ የአባቷ እናት «እኔም አያት ነኝ፤ የቀረውን ክረምት ለእኔ ስጡኝ» ብለው ላኩ። እምቢ አይባልም። አንድ ሌሊት አብረን አድረን፣ ጠዋት ሐያት ራሷ እንድትወስን ተስማማን፤ ወይ እዚያ ትቀራለች፣ ወይ ከእኔ ጋር ትመለሳለች። ቤቴ ውስጥ ከእሷ በቀር ሰው የለም። ለጎረቤቴ ግን «ነገ እንመለሳለን» ብያት ነው የወጣሁት።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ከአስፋልቱ ወርደን ፒስታ መንገዱን ያዝን። ቀይ ጭቃ፣ የማሽላ ማሳ፣ የማንጎ ዛፍ፣ የቀርከሃ አጥር፣ የጎርፍ ቦይ፣ እንደገና ቀይ ጭቃ። ሹፌሩ የባምባሲ ሰው ነው፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር በኦሮምኛ ያጉረመርማል። ዶሮዎቹ ከእግሬ ሥር ናቸው።

የሐያት አፍ አያርፍም። ስለ ክረምቷ ታወራለች፤ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ይስቃሉ።

«ክረምት ሁለት ወቅት አለው» ትላለች። «አንዱ ልብሴ የማይደርቅበት ነው፤ ሌላው ልብሴ የሚጠፋበት። ሐምሌን ሙሉ ፀሐይ ስትወጣ አጠብኩ፤ ሳሰጣው ዘነበ። ደመናውን ላታልል ብዬ ደግሞ በዝናብ አጠብኩ። ፀሐይ ወጣች። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ፍየል ቀሚሴን በላች።»

«እጅጌውን ብቻ ነው የበላችው» አልሁ።

«እጅጌ አልባ ቀሚስ ልለብስ ስል ‹ነጠላ ጣይበት› ያለኝ ማን ነው? ፍየሏ እንኳ ፋሽን ገብቷታል።»

«ስልክሽስ?» አለ ረዳቱ። ታሪኩን መናኸሪያ ላይ ጀምራለት ኖሯል።

«ስልኬን ከልብስ ጋር ዘፈዘፍኩት። ሩዝ ውስጥ ቅበሪው አሉኝ፤ ቀበርኩት። እማማ ሩዙን ልትቀቅል አወጣች።»

«ሳልጥደው አይቼዋለሁ።»

«ውኃ ግን አፍስሰሽበታል!»

ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ኬላ ላይ ወርደን መታወቂያ አሳየን። በሐያት መታወቂያ ፎቶ ላይ ዓይኗ ተጨፍኗል። ፈታሹ አገላብጦ አየና «ተኝተሽ ነው የምትማሪው?» አላት። «ውጤቴን አይተኸዋል ማለት ነው» አለችው።

ከኬላው አለፍ እንዳልን ዝናቡ በረታ። በመስኮቱ መስታወት ላይ ከላይ አንድ ነገር ይወርድ ጀመር፤ ከውኃ ወፈር ይላል። ሐያት ጣቷን አሾልካ ነካችውና ላሰችው። ዝም አለች። ከአሶሳ ከተነሣን ዝም ስትል ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምንድን ነው?» አልኋት።

«እማማ፣ ስኳሩን የት ነበር ያስቀመጥኩት?»

ለአያቷ ይዘን የመጣነው ስኳር በወረቀት ከረጢት ነበር። ፖርቶ መጋላው ላይ፣ ከሸራው ውጭ አስጭናዋለች። ረዳቱ ወጥቶ አወረደው። «ግማሹ አለ፣ እናቴ። ግማሹ በመስኮት አልፏል» አለኝ።

ባዶ እጅ እንደ መግባት ቆጠርሁት። የቀረውን መንገድ እርጥቡን ከረጢት ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድሁ።

ቀትር፣ መንጌ

የሐያት አያት ከቀርከሃ በተሠራው ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሐያት «ሐቦባ» ትላቸዋለች፤ ከዐረብኛ የመጣ፣ በዚያ አገር የአያት መጠሪያ ነው። ረጅም ናቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አይመስሉም። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ።

«መጣህ? ግባ፣ እህቴ፣ ግባ! ይሄ ነው ልጁ? ወላሂ፣ ይሄ የልጄ አፍንጫ ነው!» ብለው የሐያትን አፍንጫ ያዙ።

ከረጢቱን ሰጠሁና የሆነውን ነገርኋቸው። በእጃቸው መዘኑት።

«ዝናብ ሻይ ጠጣ። እኛም እንጠጣለን። ችግር የለም።»

የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥና ከለጋ ቀርከሃ ጋር ቀረበ። ለጋው ቀርከሃ የሚበላው በክረምት፣ ከመሬት ብቅ እንዳለ ነው። ሐያት ደጋግማ አስጨመረች። እኔ ዘንድ ገንፎ አትወድም።

ከምሳ በኋላ፣ ምንጩ ዘንድ

የመንጌ ሴት ውኃ በጀርባዋ አታዝልም። አንድ እንጨት በአንድ ትከሻዋ ላይ ታጋድማለች፤ አንዱ ጀሪካን ከፊቷ፣ ሌላው ከኋላዋ ይንጠለጠላል። ሁለቱ ከተመጣጠኑ ዳገቱን እየተጫወተች ትወጣለች።

ሐያት እኔ ልሸከም አለች። የፊተኛውን ጀሪካን ሞላች፤ የኋለኛውን ስለቸኮለች እግማሽ አደረሰችው። ዳገቱ መሃል ላይ የፊተኛው ወረደ፤ የኋለኛው ተስፈንጥሮ ማጅራቷ ላይ ተደፋ፤ እሷም ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ወርቅ ሲያጥቡ ውለው ከወንዝ የሚመለሱ ሴቶች ገበቴያቸውን አስቀምጠው ሳቁ።

«የአሶሳ ሰው ትከሻ የለውም!» አለች አንዷ።

«ትከሻማ አለኝ፤ ሚዛን ነው የጠፋኝ» አለች ሐያት እተቀመጠችበት።

ሐቦባ አልሳቁም። ባዶውን ጀሪካን ፈትተው በቦታው ድንጋይ አሰሩ።

«አንድ ዕቃ ብቻ ካለህ፣ በሌላው ድንጋይ አድርግ። ባዶ ጎን አይሄድም። ይገባሃል?»

እንጨቱን መልሰው ትከሻዋ ላይ አደረጉላት። ተንገዳገደች፤ ግን ሄደች። እስኪመሽ ድረስ ስታመላልስ ዋለች። የቤቱ በርሜል ሞልቶ ለጎረቤት መቅዳት ጀመረች። እኔ ደጅ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ተነሥቼ አጥሩን ዞርሁ፤ መልሼ ተቀመጥሁ።

ከእራት በኋላ «ምን አሰብሽ?» አልኋት።

«ትከሻዬ አብጧል» አለችኝ። ተጠቅልላ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት

ዝናቡ አባርቷል። ሚኒባሱ መንጌ አድሮ ሊመለስ ነው። ሐቦባ የደረቀ ባሚያ ቋጥረው ሰጡኝ።

ሐያት እንጨቱን በትከሻዋ አጋድማ ከቤት ወጣች። ከፊት የእኔ ቦርሳ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላ የእሷ። የእሷን ሳይ እግሬ ቀለለኝ። አልጠየቅኋትም። ሐቦባም አዩት። ፊታቸውን ወደ አጥሩ መልሰው ቆዩና «ደህና ግባ፣ እህቴ» አሉኝ። እጄን ቶሎ አልለቀቁትም።

መንገዱን ሁሉ ከኋላዋ ሄድሁ። እንጨቱ አልተንጋደደም።

መኪናው ዘንድ ስንደርስ ሹፌሩ «ዛሬስ ስኳር የለም?» አላት። «ዛሬ ባሚያ ነው፤ ቢዘንብ ወጥ ይሆናል» አለችው። ከዚያ አጎንብሳ ቦርሳዬን ፈታች፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ሳይሆን ውስጥ፣ ከመቀመጫዬ ሥር አስገባችው። ረዳቱ ለሁለተኛው ቦርሳ እጁን ዘረጋ።

«እሱ ሚዛን ነው» አለችው።

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣች። በእጇ መዝና ጣለችው። ሌላ አነሣች። በእኔ ቦርሳ ቦታ አሰረችው።

ገብቼ ተቀመጥሁ። «እማማ፣ ጃንጥላሽ» ብላ በመስኮቱ አቀበለችኝ። እንጨቱን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ወደ ሐቦባ ቤት ዞረች።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«እንሂድ፣ እናቴ?»

«እንሂድ» አልሁት።