ቆሻሻ አደን

ትናንት አባቴ የሰጠኝን የቆዳ ጫማ ቅባት ስከፍተው ሽታው ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

ያኔ ኖርዌይ ውስጥ፣ ከዋና ከተማው ዳር፣ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። አባቴ መሃል ከተማ ቢሮ ያጸዳል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያስበው ግን የመስከረሙን የአጋዘን አደን ነው። በበረዶው ወራት ጫማውን በዚያ ቅባት አሽቶ፣ ድንጋይ የሞላ ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ከሥራ ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ በመወልወያ እንጨት ያነጣጥራል። እናቴ «ሰውየው ለየለት!» ትላለች። እኔ ግን ትንፋሹን ሲይዝ አብሬው እይዝ ነበር።

ለአዳኞች የሚሰጠውን የተኩስ ፈተና አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጣ ሲል፣ አደን ያስተማረው ሽማግሌ ጎረቤታችን ከደረጃው ላይ «ሺት ያክት!» አለው። ኖርዌጅኛው ሲከብደው አባቴ የሚጠይቀው እኔን ነበር።

«ምን አለኝ?»

«‹ቆሻሻ አደን› ብሎሃል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ዓመቱን ሙሉ ቆሻሻ ሳነሳ ከርሜ፣ ዛሬም ቆሻሻ?»

ሽማግሌው ደንግጦ አስረዳኝ፦ ለአዳኝ መልካም ዕድል መመኘት ገዱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ቆሻሻ ይመኙለታል። ይህንን ለአባቴ ስነግረው ሳቁ ደረጃውን ሞላው።

«ቡዳ እንዳይበላኝ ነዋ! ለካ እንደ ራሳቸው ሰው ቆጥሮኝ ነው!»

ደረቱን ነፍቶ ወረደ።

ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ አደን የምወጣው እኔ ነኝ። ምርቃት የማያልቅበት አባቴ ትናንት አንድም መልካም ቃል አልወጣውም። በሩ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ቆሻሻ አደን፣ ልጄ!» ብሎ ጮኸ።