አጓት ያጠጣነው ቦይለር

የቦይለሩ ማስተንፈሻ ዝም ሲል ነው የፈራሁት። ጠዋት ከገባን ጀምሮ ፍሽሽ ሲል ይሰማ የነበረው ነገር፣ ጀርካን እያጠብኩ ሳለሁ ድንገት ቀረ። ቀና ብዬ የውሃውን ልክ የሚያሳየውን የመስታወት ቱቦ አየሁ። ያለበት ውሃ አይደለም፤ ነጭ አረፋ ነው፣ ይወጣል ይወርዳል። ያረረ ወተት ሸተተኝ። ልጄ ከቦይለሩ ሁለት ክንድ እንኳ ሳትርቅ፣ ጀርባዋን ሰጥታው አይብ ታጠልላለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። መጻፉም ይመረኛል።

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። የወተት ቤታችን ያለችውን ጃዝ፣ ናፍጣዋን፣ ለማቀዝቀዣው ይሰጥና ቦይለሩን በሰሊጥ አገዳ ያነዳል። ውሃ በካሮ፣ በአህያ ጋሪ፣ ይመጣል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይመጣም። ባለቤቱ፣ ሐጂ የምንለው ሰው፣ አንድ ጣሳ ውሃ የደፋችን ሴት በሰው ፊት ያዋርዳል። ጀርካን ያጠብንበትን ውሃ አናፈሰውም፤ ባልዲ እናጥብበታለን፣ ከዚያ ወለል። ከአይቡ የሚወርደው አጓት ግን በቦዩ ወደ ሜዳ ይፈስ ነበር።

እኔ ያደግሁት ጎንደር ገጠር ነው። እኛ ዘንድ አጓት አይደፋም፤ ሰው ይጠጣዋል፣ ከሰው የተረፈውን ጥጃ። ሲፈስ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። አንድ ቀን ካሮው ቀረና፣

«ሐጂ፣ ይኼም እኮ ውሃ ነው። ቦይለሩ ቢጠጣውስ?» አልኩ።

ሳቀ። «ወላሂ፣ ይቺ ሐበሺያ ከመሐንዲስ ትበልጣለች!»

እኔም ደስ አለኝ። ሰው ካመሰገነኝ ስንት ጊዜዬ! ከዚያ ወዲህ ውሃ በጠፋ ቁጥር አጓት አጠጣነው። አጓት ሲፈላ እንደሚኮርፍ፣ ሲደርቅ እንደሚያርና እንደሚጣበቅ የማታውቅ ሴት የለችም። ድስት ውስጥ አውቀዋለሁ። ብረት ውስጥ ሲገባ ረሳሁት።

ያን ጠዋትም የሞላነው አጓት ነበር። እሳት የሚያነደው የሀገሬ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ማስተንፈሻው ተደፍኗል» አልኩት።

«እታለም፣ ዝም ያለው ጠግቦ ነው» ብሎ አገዳ ጨመረ።

«ደርቆ እያረረ ነው እንጂ! አፍንጫ የለህም?»

ይኼኔ ሐጂ ከደጅ ገባ፤ ካሮው መድረሱ ነው። «ውሃ መጣ! ቶሎ ሙሉለት!»

የጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፉበት ምን እንደሚሆን ታየኝ። «ሐጂ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ አይሆንም! ብረቱ ግሏል፣ ይፈነዳል!»

«ውሃ ሲጠፋ አጓት ስጡት ያልሽ አንቺ፤ ውሃ ሲመጣ አትስጡት የምትይም አንቺ? መሐንዲሷ!»

እውነቱን ነዋ። ልጄን ራሷን በሸፈነችበት ጠርሃ ጎተትኳት።

«ዩማ፣ እማዬ! አይቡ ይበላሻል! ደጊጋ ባስ፣ አንዲት ደቂቃ!»

«ይበላሽ!»

እሳት አንዳጁ ውሃ የሚሞላበትን የእጅ ፓምፕ ይዟል። «ወንድሜ፣ እናት የለህም? ጣለውና ውጣ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ጊዜ መስታወቱን አየ፤ ፓምፑን ለቆ ሮጠ። ሐጂ «ሥራ ጥላችሁ ወዴት!» እያለ፣ እየሰደበን ከኋላችን ወጣ። ስድቡ አዳነው።

የጎረቤቱን የሰሊጥ መጋዘን ግንብ እንደዞርን ፈነዳ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ዘለለ። ቆርቆሮ ጣራው ተነስቶ መንገዱ ላይ ወደቀ፤ የካሮው አህያ በርሜሉን እንደጎተተ ሸሸ። ከሰማይ ትኩስ አጓት ጠብ ጠብ አለብን።

«ወተቴን!» አለ ሐጂ። ስለ ሰው የጠየቀ የለም።

ልጄን ከራሷ እስከ እግሯ ዳበስኳት። ፀጉሯ ላይ ያረረ አጓት አለ፤ ሌላ ምንም የለም። አጥብቃ ይዛኛለች። ከግንቡ ጀርባ ነን። ድነናል።