የሳህሊቱ ጠባሳ

ሳህሊቱ ሶዶ ላይ የምትታወቀው በምላሷና በፊቷ ጠባሳ ነበር። ምላሷን የሚችለው ሰው አልነበረም። ጠባሳውን ግን ማንም ቁም ነገር ብሎት አያውቅም፤ ጣልያን ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ከሁምቦ ገበያ የተመለሱ ሰዎች ፈንጣጣ ይዘው እስኪመጡ ድረስ።

ያን ጊዜ ልማዱ እንዲህ ነው። ፈንጣጣ የወጣበትን ሰው ከእንሰቱ ጀርባ ጎጆ ቀልሰው ለብቻው ያስተኙታል። ጎጆው ውስጥ የሚገባው በሽታው ቀድሞ ይዞት ያለፈለት፣ ፊቱ የሚመሰክርለት ሰው ብቻ ነው። ሌላው ምግቡን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥና ተጣርቶ ይሸሻል። እንግዲህ በሰፈሩ እንደ ሳህሊቱ ፊቷ የመሰከረላት ማን አለ? «እሜቴ ሳህሊቱ ይግቡልን!» ተባለ። ገባች። የሰፈሯን ሰው ዱባለን አስታመመች፣ ዱባለ ሞተ። ልብሷን ቀቅላ ሳይደርቅላት ባዳቾ ቤት ተጠራች። እሱ ቢድንም ሁለት ልጆቹን በእጇ ገነዘች። ወገቧ ተቆረጠ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሳች። «እኔ ሰው ነኝ ወይስ የመንደሩ በቅሎ?» እያለች ትነጫነጫለች፤ ሲጠሯት ግን ደግሞ ትሄዳለች።

አገሯ ቡልጋ ነው። ባሏ ሰብስቤ ወታደር ሆኖ ሲመጣ ተከትላው መጣች። እሱ ሞቶ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀበረ፤ ልጅም አላስቀረላትም። ቦይና የሚሉትን ጎደሬም ቆጮውንም ለምዳለች፤ እንግድነቱ ግን አለቀቃትም። የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ በሰው አገር ታማ፣ ቀና አድርጎ ውሃ የሚያጠጣት አጥታ መሞት። ይህ ሲታሰባት እህል አይወርድላትም። ስለዚህ በየዓመቱ «መስቀል ይውጣ እንጂ አገሬ እገባለሁ» ትላለች። መስቀልም ይወጣል፣ እሷም እዚያው ናት።

በዚያ ዓመት ግን ቆረጠች። የአገሯ ልጅ ሀብተጊዮርጊስ፣ የሲራራ ነጋዴው፣ በበሽታው ሰበብ ኬላው ሳይዘጋብኝ ብሎ በአረካ በኩል ወደ ሸዋ ሊወጣ ነበርና አንዲት በቅሎ ለቀቀላት። ጓዟን ሊያይ ሲመጣ የከረመባትን ድካም ታጫውተው ጀመር። ሰውየው የያዘውን ጠፍር ጥሎ አፈጠጠባት።

«ምን አልሽ? ፈንጣጣ ያለበት ቤት ገባሽ?»

«ምነው፣ ፊቴን አታየውም?»

«አየዋለሁ እንጂ! እሱ እኮ ጉድፍ የሚሉት የልጅ በሽታ ነው፣ አንቺ ሴትዮ! እኔና አንቺ አንድ ላይ አይደል የወጣብን? እኔን እናቴ እጄን አስራ አተረፈችኝ፣ አንቺ ስታኪው ከረምሽ። ፈንጣጣውማ እኛ አገር የገባው አንቺ ባል ተከትለሽ ከሄድሽ በኋላ ነው። እኔንም አልያዘኝ፤ ለዚህ አይደል የምሸሸው!»

ሳህሊቱ ጠባሳዋን በመዳፏ ዳበሰች። «ወይኔ ጉዴ!» አለች። «ስንቱን አቅፌ ከረምኩ!»

ሀብተጊዮርጊስ ሳይታወቀው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነበር። «እስካሁን ካልያዘሽ እግዜር ምሮሻል» አላት። «ከእንግዲህ ግን እንዳትሞክሪው። ከመሞት መሰንበት ነው። ነገ በጠዋት እንወጣለን።»

በማግስቱ በቅሎዋ ተጭና ሳለ አንጁሎ ለምልጃ እርጥብ ሣር ይዞ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አየችው። አንጁሎ ጎረቤቷ ነው፤ ሰብስቤ በሕይወት ሳለ ገባሩ ነበር፣ ሲሞትም መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነው። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«እሜቴ» አለ፣ «ልጄ አስናቀች ታሟል። ወጥቶበታል። ጎጆ ሠርተናል።»

«ወይ ጣጣዬ!» አለች ሳህሊቱ። «አልችልም፣ አንጁሎ። ይኼ ፊቴ ላይ የምታየው ጉድፍ ነው፣ ፈንጣጣ አይደለም። ለካ እኔም እንዳንተው ያልያዘኝ ነኝ። ደግሞስ ደክሞኛል። በሞትኩት፣ ደክሞኛል!»

እግሯ ላይ ይወድቃል፣ ይለምነኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እንቢታዋንም አዘጋጅታለች። አንጁሎ ግን ፊቷን ትንሽ አየት አደረገና ሣሩን መሬት ላይ አኖረው።

«እንግዲያ አይግቡ» አለ። «እግዜር አገርዎ ያግባዎ። ሚስቴ ፋንታዬ አራስ ነው፣ እሱ መግባት የለበትም። እኔ እገባለሁ።»

ዞሮም ሄደ። ቢያለቅስባት ትሰድበው ነበር፤ ቢለምናት እንቢ ትለው ነበር። መርቆ ሲሄድባት ግን አንጀቷ አልቻለም።

«ቁም አንተ ደረቅ!» ብላ ጮኸች። «አንተ ብትደፋ ያችን አራስ ማን ሊያርስልህ ነው? ከነጨቅላዋ ልትጨርሳቸው? ወግድ ከፊቴ! እኔ ብሞት ማን ይጎድልበታል?»

«አበድሽ እንዴ?» አለ ሀብተጊዮርጊስ በቅሎዋን እንደያዘ።

«አዎ፣ አብጃለሁ። በቅሎህን ይዘህ ሂድ። እናቴን በሕይወት ካገኘሃት ሳምልኝ ብላኛለች በላት።» እሱ ሳያያት ፊቷን አዞረች።

ጎጆው ውስጥ ሥራው ያው የምታውቀው ሥራ ነበር። የልጅቱን እጅ በጨርቅ አሰረች፣ ቁስሉን ቅቤ ቀባች፣ ዝንቡን አባረረች። «አትከኪው! የኔን መልክ ተመኝተሽ ነው?» እያለች ትቆጣታለች። አስናቀች ለአቅመ ሔዋን የደረሰች፣ በመልኳ የምትታወቅ ልጅ ነበረች፤ ሳህሊቱ ቁስሉን በነካች ቁጥር ይህ ያንገበግባታል። አንጁሎ ጠዋት ጠዋት ከእንሰቱ ማዶ «ምን ላምጣ?» ብሎ ይጣራል፤ ሳህሊቱም የጎደለውን ትነግረዋለች። ልጅቱ ስትቃዥ ታቅፋታለች፤ ሲቀልላት ተደግፋት ታንቀላፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ትኩሳቱ ልጅቱን ለቀቃት፣ ቁስሉም ደርቆ ይረግፍ ጀመር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሳህሊቱ ልትነሣ ስትል ወገቧ እንቢ አላት። ራሷ ይፈልጣታል፣ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለጋትም። «የማይቀርልህን እንግዳ አጥብቀህ ሳመው» አለች ለራሷ። የፈራችው እንዳይደርስባት ወደ አገሯ ልትሄድባት የነበረችው በቅሎ ትዝ አለቻትና መረራት።

አንጁሎ ከማዶ ተጣራ። አስናቀች ከጎጆው ደጅ ወጥታ በወላይትኛ መለሰችለት። አባት ጮኸ፤ «ውጪ፣ ድነሻል፣ ነይ» እያላት እንደሆነ ሳህሊቱ ገብቷታል። ልጅቱም ጮኸችበት። ወዲያው አባቷ ያስቀመጠውን ውሃ አንሥታ ተመልሳ ገባች።

«ሂጂ አንቺ! አባትሽ ይጠራሻል አይደል? ጥፊልኝ ከዚህ!» አለቻት ሳህሊቱ።

አስናቀች አልሰማቻትም። ቁጭ ብላ የሳህሊቱን ጭንቅላት ቀና አደረገችና ጉልበቷ ላይ አስደገፈችው፤ ቅሉንም አፏ ላይ አቀረበችላት።

«ይጠጡ እማማ» አለች። «እኔ አልፎልኛል፤ ማን ይከለክለኛል? ፊቴን ይዩት።»

ሳህሊቱ የልጅቱን ፊት አየችው። ከዚያም ጠጣች።